የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይትን ሕይወትና ሥራ አጥንቶ ለመጻፍ

የአንዲት ድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ታሪኳን ከእሱ ቀድሞ የጻፈ ሌላ ሰው መኖሩን ነው፤ ያም ሰው ደመወዟን ይከፍል የነበረው ኩባንያ የማስታወቂያ ሠራተኛ ነው። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች ለተመልካች ይሸጡ የነበረው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ተዋናይቷንም ጭምር ስለነበር፣ ዕድሜዋ ይቀነሳል፣ የትውልድ ቦታዋ ይለወጣል፣ ትዳሯ ይደበቃል፣ ከተራ ቤት የወጣች ከሆነችም የከበረ ዘር ይፈለግላታል። በመጽሔት ላይ "እንዲህ አለች" ተብሎ የሰፈረው ቃል ብዙ ጊዜ የዚያው ሠራተኛ ድርሰት ነው፤ እሷ ራሷ ካረጀች በኋላ የጻፈችው ግለ ታሪክም ቢሆን ከዚያ ድርሰት ሙሉ በሙሉ የጸዳ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በአንድ አሠራር ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ማንኛውንም መረጃ ከማስፈር በፊት ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተናገረውና በመናገሩ ምን ይጠቀም እንደነበር መጠየቅ ነው። አሠራሩን በተግባር ለማሳየት የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይቷን የፍሎረንስ ሎውረንስን ታሪክ ደጋግሜ እጠቅሳለሁ፤ የዚህ ሥራ ወጥመዶች ሁሉ ማለት ይቻላል በእሷ ሕይወት ውስጥ ስለሚገኙ ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስምና ልደት

ፎክስ የተባለው ኩባንያ በ1915 ቴዳ ባራን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ፣ በግብፅ በረሃ ከፈረንሳዊት እናትና ከጣልያናዊ ቀራጺ አባት የተወለደች ሴት ናት ብሎ አስነገረ። እሷ ግን ቴዎዶሲያ ጉድማን የምትባል፣ በ1885 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ የተወለደች፣ የአንድ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። እንዲህ ያለው ትልቅ ውሸት ጸሐፊን እምብዛም አያስቸግርም፤ ገና ሲታይ ስለሚያስጠረጥር ይመረመራል። አስቸጋሪው ትንሹ ውሸት ነው። ሊሊያን ጊሽ የተወለደችው በ1893 ሆኖ ሳለ ለአሥርተ ዓመታት በየመጻሕፍቱ የታተመው ግን 1896 የሚለው ዓመት ነው፤ ሦስት ዓመት ብቻ በመቀነሱ ማንም አልጠረጠረም። በዚህ ምክንያት በ1912 ፊልም ስትጀምር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረች እየመሰላቸው የጻፉ ሰዎች፣ አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በልጅነቷ ከመድረክ ያገኘችውን ልምድ በሕፃን የተፈጥሮ ተሰጥኦ ተርጉመውታል። የልደት ዓመት መሳሳቱ የሚጎዳው እንዲህ ሥራዋን ጭምር ስለሚያዛባ ነው።

ልደቷን ለማረጋገጥ ለክስተቱ ቅርብ የሆነውንና ለመዋሸት ምክንያት የሌለውን ሰነድ ያስቀድሙ። የልደት ወይም የጥምቀት መዝገብ ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል። ካልተገኘ ተዋናይቷ ሕፃን በነበረችበት ጊዜ የተደረገ የሕዝብ ቆጠራ ይፈለጋል፤ ዕድሜዋን ለቆጣሪው የነገረችው እናቷ በመሆኗ የምትቀንስበት ምክንያት አልነበራትም። በተለይ የ1900ው የአሜሪካ ቆጠራ የእያንዳንዱን ሰው የትውልድ ወርና ዓመት ስለመዘገበ ለዚህ ሥራ እጅግ ይጠቅማል፤ የ1890ው ግን በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት አብዛኛው ስለጠፋ እሱን በመፈለግ ጊዜ አያጥፉ። የአሜሪካ ቆጠራ ዝርዝር ለሕዝብ የሚከፈተው ከሰባ ሁለት ዓመት በኋላ በመሆኑ አሁን እስከ 1950ው ድረስ ያለውን ማየት ይቻላል። በ1920ና በ1930 የተሞላውን ሲያዩ ግን ይጠንቀቁ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋን ለቆጣሪው የምትናገረው ራሷ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች። የጋብቻ ፈቃድ፣ የፓስፖርት ማመልከቻና የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝርም ይረዳሉ። ሦስቱም የተለያየ ዓመት ቢሰጡ አይደንግጡ፤ ልዩነቱ ራሱ መቀነስ የጀመረችበትን ጊዜ ይጠቁማል።

ስሞቿን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይመዝግቡ። ሎውረንስ በ1886 በካናዳ፣ በሐሚልተን ከተማ ስትወለድ የተሰጣት ስም ፍሎረንስ አኒ ብሪጅውድ ነበር፤ ሎውረንስ የሚለው እናቷ በመድረክ ላይ ትጠራበት የነበረ ስም ነው። ከዚያ በላይ ሦስት ጊዜ አግብታለች። በመድረክ ስሟ ብቻ ቤተ መዛግብት ውስጥ የፈለጋት ሰው ግማሽ ሕይወቷን ሳያገኝ ይወጣል።

የፊልሞቿን ዝርዝር መሥራት

ከሕይወት ታሪኩ ምንም ምዕራፍ ሳይጻፍ ዝርዝሩ መሠራት አለበት። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ የሚታሰረው በእሱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ፊልም የተቀረጸበትን ጊዜ፣ ለሕዝብ የቀረበበትን ቀን፣ ኩባንያውን፣ ዳይሬክተሩን፣ ርዝመቱን በጥቅልል ብዛት፣ ቅጂው ዛሬ የት እንደሚገኝና ተዋናይቷ በእርግጥ መኖሯን በምን እንዳረጋገጡ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። የመጨረሻው ዐምድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙዎች የሚዘሉትም እሱኑ ነው።

ምክንያቱን ሎውረንስ ታስረዳለች። ወደ ሦስት መቶ በሚጠጉ ፊልሞች ላይ እንደሠራች ይነገራል፤ አብዛኞቹም ባለ አንድ ጥቅልል አጫጭር ሥራዎች ናቸው። በ1908 የገባችበት ባዮግራፍ የተባለው ኩባንያ እስከ 1913 ድረስ የተዋናዮቹን ስም አይገልጽም ነበር፤ ስለዚህ ፊቷን የወደደው ተመልካች "የባዮግራፏ ልጅ" ብሎ ይጠራት ጀመር። ኩባንያውን በ1909 ከለቀቀች በኋላ ግን ይኸው ቅጽል ስም ወደ ሌላዋ የኩባንያው ተዋናይት ወደ ሜሪ ፒክፎርድ ተላለፈ። በ1910 በታተመ ጋዜጣ ላይ "የባዮግራፏ ልጅ" የሚል ቃል አግኝቶ ሎውረንስን ማሰብ እንግዲህ ቀጥተኛ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የእንግሊዝ አከፋፋዮች ተመልካቹ ስም ስለጠየቃቸው ለባዮግራፍ ተዋናዮች የፈጠራ ስም ማውጣታቸው ነው፤ ብላንች ስዊት ለምሳሌ በለንደን ዳፍኒ ዌይን ተብላ ትታወቅ ነበር። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ መጽሔት የሚያነብ ሰው እነዚህን የውሸት ስሞች ካላወቀ በዓለም ያልነበሩ ተዋናዮች ይፈጥራል።

በፊት ብቻ መለየትም አያስተማምንም። በደበዘዘ ቅጂ ላይ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከካሜራው ርቃ በቆመችበት ቀረጻ፣ ማንም ማንንም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፊትን ቢያንስ ከአንድ የጽሑፍ ማስረጃ ጋር ያጣምሩ፤ ይህ የኩባንያው መዝገብ፣ የወቅቱ የፊልም ንግድ መጽሔት ወይም የባልደረባዋ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ካልተሟላልዎ ፊልሙን ከዝርዝሩ አያውጡት፤ "ያልተረጋገጠ" ብለው ይተዉት።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ብዙው ነገር ዛሬ ከቤት ሳይወጡ ይገኛል። የመገናኛ ብዙኃን ታሪክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የሚባለው የድረ ገጽ ስብስብ የዘመኑን የንግድና የአድናቂዎች መጽሔቶች በነፃ ያቀርባል፤ የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ካታሎግ ለረጃጅም ፊልሞች መነሻ ይሆናል፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው የሴት ፊልም ፈር ቀዳጆች ፕሮጀክት ደግሞ በካሜራ ፊት ብቻ ሳይሆን ከካሜራ ጀርባም የሠሩትን ሴቶች በየስማቸው ያስነብባል። ከ1912 በፊት ለተሠሩ ፊልሞች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አስገራሚ ሀብት አለው፤ የዚያን ጊዜው የቅጂ መብት ሕግ ፊልምን ስለማያውቅ ኩባንያዎች ሥራቸውን እንደ ፎቶግራፍ ለማስመዝገብ በረጃጅም የወረቀት ጥቅልሎች ላይ ያትሙት ነበር፤ ሴሉሎይዱ ሲጠፋ ወረቀቱ ተረፈና ከ3,000 በላይ ፊልሞች በዚህ መንገድ ደረሱን።

አንድ ታዋቂ ታሪክ እንዴት እንደሚፈተን

ስለ ሎውረንስ የሚጽፍ ሁሉ የሚተርከው አንድ ነገር አለ። በ1910 መጀመሪያ አዲሱ ቀጣሪዋ ካርል ሌምሊ በኤሌክትሪክ ባቡር ተገጭታ ሞተች የሚል ወሬ በሴንት ሉዊስ ከተማ አስነዛ፤ ቀጥሎ ወሬው የተቀናቃኞች ውሸት ነው ብሎ በማስታወቂያ አስተባበለ፤ ከዚያም ራሷን ወደዚያው ከተማ አምጥቶ ለሕዝብ አሳያት፤ በዚህም የዓለም የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ ሆነች። ታሪኩ ሲነገር ያምራል፤ ያማረ ታሪክ ደግሞ ጥርጣሬ ይገባዋል።

ታሪኩን አንድ ሆኖ እንዳለ ከመቀበል ወይም ከመጣል ይልቅ ወደ ክፍሎቹ ይበትኑት። የማስተባበያው ማስታወቂያ መውጣቱ እርግጠኛ ነው፤ በመጋቢት 1910 የታተመ ሲሆን ዛሬም ገጹን ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ሎውረንስ በዚያው ወር ከተዋናይ ባልደረባዋ ከኪንግ ባጎት ጋር ወደ ሴንት ሉዊስ መሄዷና ሕዝብ ሊያያት መውጣቱም የተመሰከረ ነው። የሞቷን ወሬ ያተመው ጋዜጣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማስታወቂያው ጋዜጦች እንዲህ ብለዋል ስላለ ብቻ ጋዜጦች ብለዋል ማለት አይቻልም፤ ቀንና ገጽ ጠቅሰው ማሳየት እስካልቻሉ ድረስ ያ ዐረፍተ ነገር የኩባንያው ቃል ነው። ወሬውን ራሱ ሌምሊ ነው ያስነዛው የሚለው ደግሞ ከሁሉም የራቀ ነው፤ ማስታወቂያው ተቀናቃኞችን ይከሳል እንጂ ስለ ራሱ ምንም አይናዘዝም፤ ሌምሊ አደረገው የሚለው ከጥቅሙ ተነሥቶ የተደረሰበት ግምት ነው። ግምቱ ብልህ ነው፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ፤ ግን በጽሑፉ ውስጥ "ይታመናል" ከሚለው ቃል ጋር መሄድ ይገባዋል። በጣቢያው ተሰበሰበ ስለተባለው ሕዝብ ብዛት የሚሰጡ አኃዞችንም ቢሆን ምንጫቸው ኩባንያው ከሆነ ይተዉአቸው።

"የመጀመሪያዋ" የሚለው ነገርስ? ካሌም የተባለው ኩባንያ በዚያው በ1910 መግቢያ ላይ የተዋናዮቹን ስም ከነፎቷቸው ለሲኒማ ቤቶች አሰራጭቶ ነበር፤ በቫይታግራፍ ኩባንያ ደግሞ ፍሎረንስ ተርነር የምትባል ሌላ ተወዳጅ ተዋናይት ነበረች። ስለዚህ "በስሟ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ፊልም ተዋናዮች አንዷ" ብሎ መጻፍ ሎውረንስን አያሳንሳትም፤ ከእውነቱም አያርቅም።

ይኸው ፈተና ለሌላውም ይሠራል። ሎውረንስ በ1914 ገደማ ለመኪናዋ የመታጠፊያና የፍሬን ምልክት ሠርታ ነበር ይባላል፤ እናቷ ሻርሎት ብሪጅውድ ደግሞ በ1917 በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የመኪና መስታወት መጥረጊያ የባለቤትነት መብት አግኝታለች። የእናትየው በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው፤ የልጅየው ግን የባለቤትነት መብት ስላልወጣበት የሚታወቀው ከተነገረው ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት የሚያስቀምጥ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል።

ፊልሙን አይቶ መግለጽ

ተዋናይትን የምናስታውሰው ስለ ትወናዋ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቹ የሕይወት ታሪኮች ትወናውን በሁለት ቅጽሎች ያልፉታል። ይህን ለማረም መጀመሪያ የሚያዩት ቅጂ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትልቁ ጉዳይም ፍጥነቱ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ በአንድ ጫማ ርዝመት 16 ምስሎች ይገኛሉ፤ አንድ ሙሉ ጥቅልል 1,000 ጫማ ስለሆነ 16,000 ምስሎች አሉት። በሰከንድ 16 ምስል ቢታይ አሥራ ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይፈጃል፤ ለድምፅ ፊልም በተወሰነው በሰከንድ 24 ምስል ቢታይ ግን በአሥራ አንድ ደቂቃ ያልቃል። ካሜራው በእጅ የሚዞር ስለነበር ትክክለኛው ፍጥነት ከፊልም ፊልም ይለያያል፤ ነገር ግን በፍጥነት የሚሮጥ ቅጂ አይቶ ተዋናይቷ ትንቀጠቀጣለች፣ እጇን ታወናጭፋለች ብሎ መጻፍ የፕሮጀክተሩን ጥፋት በእሷ ላይ መጫን ነው። የሚያዩት ቅጂ ሰው ሲራመድ ተፈጥሯዊ የማይመስል ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሰው ይዩ።

የፊት ቀለምም እንዲሁ ነው። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ በብዛት ይሠራበት የነበረው ፊልም ለቀይ ብርሃን የማይሰማው ስለነበር ቀይ ነገር ጥቁር፣ ሰማያዊ ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። የተፈጥሮ የቆዳ ቅላት ፊትን ያጠቁረዋል፤ ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ነጭ ሆኖ ባዶ ሊመስል ይችላል። ያ በኖራ የተቀባ የሚመስል ፊትና ጥቁር ከንፈር እንግዲህ በአብዛኛው ለፊልሙ ጉድለት የተበጀ መላ እንጂ የተዋናይቷ ምርጫ አይደለም።

ከዚህ በኋላ አንድ ትዕይንት ይምረጡና ደጋግመው ይዩት፤ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። ሊሊያን ጊሽ በ1919 በተሠራው "የተሰበሩ አበቦች" ውስጥ የምትጫወታት ልጅ በአባቷ ዱላ የተሰቃየች ናት። አባትየው ፈገግ በይ ብሎ ሲያዝዛት ፊቷ እምቢ ይላታል፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ጣቶቿን ወደ አፏ ታነሣና የከንፈሯን ጫፎች ወደ ላይ ገፍታ ትይዛቸዋለች። አፏ ፈገግ ብሏል፤ ዓይኖቿ ግን አባቷ ላይ እንደተተከሉ ናቸው፤ ፍርሃታቸውም አልለቀቃቸውም። "ሐዘኗን በጥልቀት ገለጸች" የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአንባቢ ምንም አያሳይም፤ ጣቶቹ ግን ያሳያሉ። በየፊልሙ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ካገኙ ስለ ችሎታዋ የሚመሰክር ሌላ ቅጽል አያስፈልግዎትም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ይግባ። ኩባንያዎች ለውጭ አገር ገበያ ሁለተኛ ኔጋቲቭ (ቅጂዎች የሚታተሙበት መነሻ ፊልም) ያዘጋጁ ስለነበር፣ ዛሬ ከአውሮፓ የተገኘ ቅጂ ላይ የሚያዩት ትወና አሜሪካውያን ያዩት ላይሆን ይችላል፤ ጎን ለጎን ከቆመ ሌላ ካሜራ ወይም በድጋሚ ከተቀረጸ ትዕይንት የተወሰደ ሊሆን ይችላል። በምስሎቹ መካከል የሚገቡት ጽሑፎችም ከሌላ ቋንቋ ተመልሰው የገቡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ተዋናይቷ "የተናገረችው" ነው ብለው ቃል በቃል አይጥቀሷቸው።

ፊልሙ ከጠፋ

ይህ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ አይደለም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያሳተመው ጥናት ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት 11,000 ገደማ የአሜሪካ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ፊልሙ የተሠራበት ናይትሬት በቀላሉ ተቀጣጣይና ከጊዜ ጋር የሚበሰብስ ነው፤ ኩባንያዎቹም ድምፅ ከመጣ በኋላ ጥቅም የለውም ብለው ብዙውን ራሳቸው አስወግደውታል። በ1937 በኒው ጀርሲ፣ በሊትል ፌሪ የፎክስ መጋዘን ሲቃጠል የቴዳ ባራ ሥራ አብዛኛው አብሮ ጠፋ፤ አርባ ገደማ ፊልሞች ከሠራች ሴት ተሟልተው የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1917 የሠራችው "ክሊዮፓትራ" እጅግ ዝነኛ ሥራዋ ቢሆንም የቀረን ጥቂት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ፊልም ላይ የነበራትን ትወና የሚያወድስም ሆነ የሚነቅፍ ዐረፍተ ነገር በራሱ በጸሐፊው ስም መቅረብ የለበትም፤ ፊልሙን ያየ የዘመኑ ሰው ያለውን ከነስሙና ከነቀኑ ማቅረብ ብቻ ነው የሚቻለው።

ለጠፋ ፊልም የሚያገለግሉት የወቅቱ ሂሶች፣ ለቅጂ መብት የገባው የታሪክ ጭብጥ፣ ስክሪፕቱ ከተረፈና ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶግራፎቹን ሲጠቀሙ ግን አንድ ነገር ይለዩ፤ ብዙዎቹ ከፊልሙ የተወሰዱ ምስሎች ሳይሆኑ ሌላ ፎቶ አንሺ ተዋንያኑን አቁሞ ለማስታወቂያ ያነሣቸው ናቸው፤ የሚያሳዩት አቋቋምም በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። "ለዘላለም የጠፋ" የሚለውን አነጋገር ደግሞ ከጽሑፍዎ ያውጡት። በ1978 በካናዳ፣ በዶውሰን ከተማ ለግንባታ ሲቆፈር ከአሮጌ የመዋኛ ገንዳ ሥር ከአምስት መቶ በላይ ጥቅልሎች ወጥተዋል፤ በ2003 ደግሞ ግሎሪያ ስዋንሰን የተወነችበትና እንደጠፋ ይታሰብ የነበረ የ1922 ፊልም በኔዘርላንድስ ተገኝቷል። "እስካሁን አልተገኘም" ማለት ይበቃል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አያስፈልግም። ከተዋናይቷ አፍ ወይም ከጋዜጣ የተገኘ ደመወዝ ላይ እምነት አይጣሉ፤ ውል ፈልገው እሱን ይጥቀሱ። ፒክፎርድ በ1916 የፈረመችው ውል በሳምንት 10,000 ዶላርና ከፊልሞቿ ትርፍ ግማሹን ያስገኝላት ነበር፤ ይህን የመሰለ በሰነድ የተያዘ አኃዝ አንድ ብቻ ቢኖር ከአሥር የወሬ አኃዝ ይሻላል።

ድምፅ ሲመጣ

በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አንድ የተዘጋጀ ትረካ ይጠብቅዎታል፤ ድምፅ መጣ፣ ድምፅዋ አላማረም፣ ወደቀች የሚል። ለአንዳንዶች ከእውነት ያልራቀ ሊሆን ይችላል፤ ኖርማ ታልማጅ ሁለት የድምፅ ፊልሞች ብቻ ሠርታ ሥራውን ተወች። ሆኖም ግሬታ ጋርቦ ከድምፅ በኋላ ይበልጥ ገነነች፤ ፒክፎርድ ኦስካር ያገኘችው በመጀመሪያው የድምፅ ፊልሟ ነው፤ ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትወናን አቆመች። አና ሜይ ዎንግ በ1932 ከማርሌኒ ዲትሪሽ ጋር በሠራችው ፊልም ድምፅዋ ከፊቷ ያላነሰ መሆኑን አሳየች፤ እሷን የገታት ቻይናዊ ዘር ያላት በመሆኗ ከነጭ ተዋናይ ጋር በፍቅር እንዳትታይ ይከለክል የነበረው የኢንዱስትሪው ደንብ ነበር። በ1937 ስለ ቻይና ገበሬዎች በተሠራ ትልቅ ፊልም ላይ እንኳ ዋናው የሴት ገጸ ባሕርይ የተሰጠው ለነጭ ተዋናይት ነው። ሎውረንስ ደግሞ ድምፅ ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1910ዎቹ አጋማሽ በቀረጻ ላይ በደረሰባት የእሳት አደጋና እሱን ተከትሎ በመጣው ረጅም ዕረፍት ምክንያት ቦታዋን አጥታ ነበር። ስለዚህ የውድቀቱን ዓመት ከፊልሞቿ ዝርዝር ላይ ያውጡና፣ በዚያ ዓመት ከውሏ፣ ከጤናዋ፣ ከዕድሜዋ፣ ከትዳሯና ከኩባንያዋ ጋር የሆነውን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ድምፅን ምክንያት ማድረግ ሌሎቹ ሁሉ ከታዩ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ መልስ ይሁን።

የመጨረሻ ዓመታትና አሟሟት

ሎውረንስ ከ1936 ጀምሮ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር በሚባለው ስቱዲዮ ትናንሽ ሚናዎችን እየተጫወተች ትኖር ነበር። ለረጅም ጊዜ ከታመመች በኋላ በታኅሣሥ 28 ቀን 1938 ራሷን አጠፋች፤ መቃብሯም እስከ 1991 ድረስ የስም ድንጋይ አልነበረበትም። እንዲህ ያለ አሟሟት ሲያጋጥም መንገዱን መዘርዘር አያስፈልግም፤ "ዝና ስለከዳት ሞተች" የሚል አንድ ምክንያት መስጠትም አይገባም፤ ሕመም፣ ብቸኝነትና ገንዘብ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ። የዘመኑ ጋዜጦች ከቤቷ ተገኘ የሚሉትን የመጨረሻ ደብዳቤ ማተምም ጽሑፉን አያሻሽለውም። ከዚህ ይልቅ ሃያ ዓመት የሚሆነው የዝምታ ጊዜዋ የት እንደዋለ፣ ምን እንደነገደችና ማን እንዳስጠጋት ቢፈልጉ ይሻላል፤ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ከመጨረሻው ፊልም ወደ መቃብሩ ይዘላሉና።

ጽሑፉ ሲያልቅ የሚቀረው የፎቶግራፍና የፊልም ፈቃድ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ ከቀረበ ዘጠና አምስት ዓመት ያለፈው ፊልም የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ በ1929 የወጣው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነፃ ነው። ለአዲስ ቅጂ የተጻፈው ሙዚቃ ግን የራሱ መብት ያለው በመሆኑ የፊልሙን ቁራጭ ከነድምፁ ከመለጠፍዎ በፊት የሙዚቃውን ደራሲ ወይም ያሳተመውን ተቋም በጽሑፍ ይጠይቁ። ከቤተ መዛግብት የተገኘ ፎቶግራፍ ከሆነም ከሥሩ የተቋሙን ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ምስሉ ከፊልሙ የተወሰደ ወይም ለማስታወቂያ የተነሣ መሆኑን ይጻፉ።